በሙሽራው ወንበር ላይ የተቀመጠ ቦርሳ

ጥቅምት 4

ይድረስ ለ«አንድ ብቻ»፤

እንደምን አለህ? እኔ ደህና ነኝ። እናትህም ደህና ናቸው። ትናንት በስልክ ይህንኑ ተባብለን ስናበቃ ዛሬ ደግሞ በወረቀት መድገሜ ለራሴም አስቆኛል። ምን ላድርግ፣ የቪዛ ጉዳያችንን የሚከታተልልን ጉዳይ አስፈጻሚ «ደብዳቤ ይኑራችሁ» አለኝ። የስልክ ወሬ ፋይል ውስጥ አይገባም አሉ። ቀን ያለበት፣ የፖስታ ቤት ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ነው የሚፈለገው። «ሁለት ዓመት ተለያይታችሁ አንድ ደብዳቤ የላችሁም?» ብሎ እንደ ጉድ አየኝ። እና ባሌ ሆይ፣ ከዛሬ ጀምሮ እንጻጻፋለን። ጽሑፍህን አሳምር፤ ጉዳይ አስፈጻሚው እያንዳንዷን ቃል እንደሚያነባት እወቅ።

በስልክ መናገር ያቃተኝን ልጻፈው። ፋይላችን ከኤምባሲው ተመልሷል። አልተከለከልንም፤ «ይሟላ» ተብሎ ነው የተመለሰው። የጋብቻ ምስክር ወረቀቱ ምንም እንከን አልወጣለትም፣ የሐኪም ምርመራዬም አልፏል፣ ትርጉሞቹም ጥሩ ናቸው። የጎደለው ፎቶ ነው። «አመልካቿና ባለቤቷ አብረው የሚታዩበት ፎቶግራፍ አልቀረበም» ይላል። እኔ የሠርጋችንን ስልሳ ፎቶ አስገብቼ!

ጉዳይ አስፈጻሚው ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቸውና በእስክሪብቶው ጫፍ እየነካካ ይጠይቀኝ ጀመር።

«እዚህ ላይ ሙሽራው የታለ?»

«ፎቶ እያነሳ ነው።»

«እዚህኛውስ ላይ?»

«እያነሳ ነው።»

«እሺ፣ ወንበሩ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«የአማቴ ቦርሳ።»

ትዝ ይልሃል አይደል? አንተ ካሜራህን ይዘህ በተነሳህ ቁጥር እናትህ ሌላ ሰው ቦታህን እንዳይይዘው ቦርሳቸውን ወንበርህ ላይ ያኖራሉ። «ና ተቀመጥ!» ይሉሃል። አንተ «አንድ ብቻ፣ አንድ ብቻ ልድገም» ትላለህ። ሠርጉ በዚህ አለቀ። በኤምባሲው ዓይን እንግዲህ እኔ ያገባሁት ጥቁር የቆዳ ቦርሳ ነው።

ቀልዱ እዚህ ላይ ያብቃ። እስከ ጥር መጨረሻ ካልተሟላ ፋይሉ ይዘጋል፣ ከዜሮ እንጀምራለን። ከዜሮ ማለት ሌላ ሁለት ዓመት ነው። እኔ ሌላ ሁለት ዓመት አልችልም። ትናንት በስልክ ይህን ልልህ ጀምሬ ነው ስለ ዝናቡ ያወራሁት።

በወረቀት ብቻ የተረጋገጠችው ሚስትህ


ኅዳር 2

ለተከበርሽው ባለቤቴ፣ ይህን ደብዳቤ ለሚመረምሩት ጉዳይ አስፈጻሚና ለተከበሩ የኤምባሲ ሹም፤ ለሁላችሁም ጤና ይስጥልኝ።

ተረኛዬ፣ እንዲህ እያልኩ ስጀምር ስንት ወረቀት ቀደድኩ መሰለሽ። ሹሙ ያንብበው፣ እኔ ለአንቺ ነው የምጽፈው። ከአፍሽ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃል «ተረኛ!» ነበር፤ መንጋጋዬን በሁለት እጄ ይዤ ክሊኒካችሁ ወንበር ላይ ተኮራምቼ ነበር። ስሜን እንኳን ሳትጠይቂኝ ያልሽኝን ቃል ስምሽ አድርጌው ቀረሁ።

ስለ ፎቶው ይቅርታሽን እለምናለሁ። ስልክ የከለከልኩት በጥጋብ አልነበረም። ሠርግ በማንሳት እንጀራዬን ስበላ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ፣ ሙሽራዋ ቀለበት ልታጠልቅ እጇን ስትዘረጋ የአንዱ አጎት ስልክ በሌንሴና በጣቷ መሃል ሳይደነቀር የቀረበት ቀን የለም። የራሴ ሠርግ ላይ እንኳን እንዳይሆን ብዬ በር ላይ «ስልክ ማውጣት ክልክል ነው» ብዬ ለጠፍኩ። የፎቶ ቤት ሸሪኬ ያነሳል ብዬ ነበር። እሱ ደግሞ ገና ከመጀመሩ አንቺን ፀሐይ ፊት ለፊት አቆመሽ። ዓይንሽን ስትጨፍኚ አየሁና ካሜራውን ነጠቅኩት። ከዚያ በኋላ ያለውን እማዬ ትንገርሽ።

ግን አስቢው እስቲ፤ የእኛ ዘመድ ክልከላ ሰምቶ ያውቃል? አንዱ ተደብቆ አንስቶ ይሆናል። አክስቴን ጠይቂያት። የክሊኒካችሁን ሐኪም ጠይቂያት። የእህቴን ባል በተለይ አጥብቀሽ ጠይቂው።

በስልክ ስለ ሥራዬ ጠይቀሽኛል። የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ውስጥ አሁን ወደ ማጠፊያው ክፍል ተዛውሬያለሁ። እዚያ ሁለት ሁለት ሆነን ነው የምንሠራው፤ አንሶላ ለብቻ አይታጠፍም። የእኔ ጓደኛ አንድ ትልቅ ሴትዮ ናት። ቋንቋዋን አላውቅም፣ ቋንቋዬን አታውቅም፤ ዝምቴ ብያታለሁ። አራቱን ጫፍ ይዘን ተራርቀን እንቆማለን፣ እንቀራረብና ጫፍ ለጫፍ እናገናኛለን፣ ደግሞ እንራራቃለን። ቀኑን ሙሉ እንዲሁ ነው። አንዳንዴ ሌላኛው ጫፍ ላይ አንቺ ብትሆኚ እላለሁ። ዝምቴ ይሄ ሐሳቤ የሚገባት ይመስለኛል፤ ያን ጊዜ ቀስ ትልልኛለች።

በስልክ የጠየቅኩሽን፣ አንቺ ስትመጪ እማዬ ማን ጋ እንደምትሆን፣ አልመለስሽልኝም።

ባልሽ


ኅዳር 25

ባለቤቴ፣ ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ይህችኛዋ ደብዳቤ ለፋይል አይደለችም። አንብበህ ቅደዳት።

የሠርጉን እንግዳ አንድም ሳይቀር ጠየቅኩ። አክስትህ «ያንን ማስታወቂያ ሳየው የተሳሳተ ቤት የገባሁ መስሎኝ ስልኬን አጥፍቼ ጡቴ ሥር ወሸቅኩት» አሉኝ። የእህትህ ባል ማለ ተገዘተ። አለቃዬ ሐኪሟማ ተቀየመችኝ፤ «እኔ ሕግ የማላከብር ሰው እመስልሻለሁ?» ብላ በሽተኛውን አፉን እንደከፈተ ትታው ተነሳች። እኔ የገረመኝ ይሄ ነው፤ ዘመድ በሙሉ በአንድ ቀን እንዴት ሕግ አክባሪ ይሆናል? ደግሞ ሁሉም ኮርተው ነው የሚነግሩኝ። «ትእዛዙን አክብረንለታል በይው» ይሉኛል። ብዬሃለሁ።

ከሠርጉ በኋላ እስክትሄድ የኖርንባቸውን ወራት ፎቶም ፈለግኩ። እኔ ደረጃ ላይ፣ እኔ አውቶቡስ ስጠብቅ፣ እኔ ተኝቼ፣ እኔ ፀጉሬን ስታጠብ። አንተ የትም የለህም። ሰው ሚስቱን ይህን ያህል ካየ በኋላ አንዴ እንኳን ዞሮ ከጎኗ አይቆምም?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሸሪክህ ጋ ሄጄ ነበር። ጉዳዬን ሰምቶኝ ሲያበቃ «ከፎቶው ላይ ቦርሳውን በኮምፒውተር አነሳና እሱን አስቀምጥልሻለሁ። የሻይ ሰዓት ሥራ ነው፤ ማንም አያውቅም» አለኝ። ለጉዳይ አስፈጻሚው ብነግረው ጣሪያውን እያየ «እኔ ምንም አልሰማሁም» አለ። አልከለከለኝም ግን።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ እኔ ደግሞ አግብቼ ነው የጨነቀኝ። ንገረኝ እስቲ፣ ይሄ ውሸት ነው? ተጋብተናል። ወንበሩም ያንተው ነው። ያልነበረ ነገር አይደለም የምንጨምረው። ግን ደግሞ እጄ ይፈራል። አንተ የሙያው ሰው ነህ፣ ምን ትላለህ?

ስለ እናትህ የጠየቅከኝን በሌላ ጊዜ። ደህና ናቸው፣ ዛሬ የሻንጣዬን ዚፕ ሳሙና እየቀቡ ሲያለሰልሱ አገኘኋቸው።

ያንተው


ታኅሣሥ 14

ተረኛዬ፣

ጽሑፌ ጥሩ አይደለም፤ እስክሪብቶው ነው። ይቅርታ።

ለሸሪኬ እንዳትሰጪው። የራሴን ፊት እሱ እንዲነካካው አልፈልግም፤ ከተሠራም እኔው ልሥራው ብዬ ሠራሁት። በፖስታው ውስጥ አለልሽ። በሙያዬ እንዲህ ያለ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። ብርሃኑ ከግራ ነበር፣ ከግራ አድርጌዋለሁ። የጉልበቴን ጥላ ቀሚስሽ ላይ ጥዬዋለሁ። የወንበሩን ጨርቅ እንኳን ሰው የተቀመጠበት እንዲመስል ትንሽ አጎድጉጄዋለሁ። በዓለም ላይ ያለ ሹም ቢያየው አያውቀውም።

ግን ደስ አላለኝም። ሳየው ሳየው ዋልኩና ምን እንደሚጎድለው ላገኘው አልቻልኩም። ለእማዬም አሳዪያትና ሁለታችሁ ወስኑ። አስገቢው ካልሽ አስገቢው፤ ሌላ ሁለት ዓመት እኔም አልችልም።

ዛሬ አጭር ነው የጻፍኩልሽ። ደህና ነኝ፣ አታስቢ።

ባልሽ


ጥር 3

ውዴ፣

መጀመሪያ ልቆጣህ። እጅህ ምን ሆነ? እስክሪብቶ ነው የምትለኝን ለሌላ ሰው ንገር። ፊደልህ ሁሉ ወደ አንድ ጎን ወድቋል። ጉዳይ አስፈጻሚው የመጀመሪያውንና የአሁኑን ፖስታ ጎን ለጎን አድርጎ «ሁለት ሰው ነው የጻፈላት ቢሉንስ?» ብሎ ላብ ላብ አለው። እኔ ግን የፋይሉ ነገር አይደለም ያሳሰበኝ። ስልክ ስደውል «ደህና ነኝ፣ ሥራ በዝቶ ነው» ትለኛለህ። ሆድ ይፍጀው ብለህ የያዝከውን ነገር ጻፍልኝ። በሆድ የሚያዝ ነገር የእኔ ድርሻ ነው፤ አንተ አትችልበትም።

አሁን ስለ ፎቶው። እንዴት ያምራል! ሳየው አልጋው ላይ ቁጭ አልኩ። ለእናትህ ወስጄ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው አደረጉና «ውይ ልጄን! ኮቱ እንዴት አምሮበታል!» አሉ። ትንሽ ቆይተው ፎቶውን ወደ መስኮቱ አስጠጉት።

«አንቺ ልጅ» አሉኝ።

«አቤት እማማ።»

«ባልሽ አጠገብሽ ተቀምጦ ሳለ እንዲህ ዓይንሽን የተከልሽበት ሌላው ሰውዬ ማን ነው?»

ቀና ብዬ አየሁት። እውነታቸውን ነው። ከጎኔ ኮቱን የቆለፈ ወንድ ተቀምጧል፣ እኔ መኖሩንም አላወቅኩም። ፊት ለፊት የቆመውን ሰው ነው የማየው፤ ደግሞ እንዴት ያለ አስተያየት! እኔ ሹሙን ብሆን «ይቺ ሙሽራ ባሏን አትወደውም፣ ልቧ ፎቶ አንሺው ጋ ነው» ብዬ ፋይሉን ወዲያው እዘጋዋለሁ።

ከዚያ ሌሎቹን ሁሉ አልጋው ላይ ዘረጋኋቸው። እናትህና እኔ ተንበርክከን አንድ በአንድ አየናቸው። በሁሉም ላይ ያው ነው። ስበላም፣ ስስቅም፣ አክስትህ ጆሮዬ ላይ ሲያወሩም፣ ዓይኔ አንድ ቦታ ነው። ለካ ያን ቀን ሙሉ ከአንተ ላይ ዓይኔን አላነሳሁም። አፈርኩ ልበልህ? እናትህ ፊት አፈርኩ። እሳቸው ግን ጉልበታቸውን ይዘው እየተነሱ «እንኳን ቦርሳዬን አስቀመጥኩ» ብቻ አሉ።

ስለዚህ ያንን ሰውዬ አላስገባውም። አንተን ይመስላል፣ እኔ ግን አላውቀውም። ፎቶዎቹን እንደነበሩ መልሼ አስገብቻለሁ፤ «ካሜራውን የያዘው ባለቤቴ ነው፣ ከጎኔ ያለው የአማቴ ቦርሳ ነው» የሚል ማብራሪያ በአንድ ገጽ አያይዣለሁ። ጉዳይ አስፈጻሚው ራሱን ይዞ «እናት ዓለም፣ ይቺን ገጽ የጻፍኩት እኔ ነኝ እንዳትዪ» አለኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል አልኩት። «ፋይል ደግሞ እያደር ይዘጋል» ብሎ መለሰልኝ። ፈርቻለሁ፣ አልዋሽህም። በእኔ ግትርነት ሌላ ሁለት ዓመት ብንቀጣ ይቅር ትለኛለህ?

እጅህን ንገረኝ።

ተረኛ


ጥር 22

ተረኛዬ፣

ይቅር የምልሽ ነገር የለም። ደብዳቤሽን የአንሶላ ጋሪ ላይ ተቀምጬ አነበብኩትና እንደ ሞኝ ብቻዬን ሳቅኩ። ፎቶው ምን እንደጎደለው ያላገኘሁት እኔ ነኝ፣ ፎቶ አንሺ ተብዬ! ለብርሃኑ፣ ለጥላው ስጠነቀቅ የአንቺን ዓይን ሳላየው ቀረሁ። እማዬ ትሙት ብዬ ልማል፤ በዚያ ሰውዬ ቀንቻለሁ።

እሺ፣ እጄን ልንገርሽ። ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ታኅሣሥ 12 ቀን የእንፋሎት መተኮሻው ቀኝ እጄን ያዘው። ፎቶውን ከጨረስኩ በኋላ ነው። ያቺን ደብዳቤ በግራዬ ነው የጻፍኳት፤ ይህችንም እንዲሁ። ሐኪሙ ይድናል ብሏል። አራቱ ጣቶቼ ይታጠፋሉ፤ አንደኛው፣ የካሜራውን ቁልፍ የምጫንበት፣ ገና ነው። ሊመለስም ላይመለስም ይችላል። የሐኪሙን ወረቀት አያይዤልሻለሁ፤ ለጉዳይ አስፈጻሚው ስጪውና ላቡን ይጥረግ። ያልነገርኩሽ አንቺ በፎቶው ጭንቀት ላይ ሳለሽ ሌላ እንዳልጨምርብሽ ብዬ ነበር።

ሥራ አልለቀቅኩም። ዝምቴ የማጠፊያውን ዘዴ ቀይራዋለች። ሦስቱን ጫፍ እሷ ትይዛለች፣ አንዱን ለእኔ ትሰጠኛለች። አለቃው ሲያልፍ ደግሞ እኩል የምንሠራ እንዲመስል ቶሎ ብላ ወደ እኔ ትጠጋለች። በቋንቋዋ እግዜር ይስጥልኝ ማለት ተምሬ አልኳት። ሳቀችብኝ፤ ምን እንዳልኩ እግዜር ይወቅ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሸሪኬን ያን ቀን በከንቱ ነው የከሰስኩት፤ ፀሐዩ ያን ያህል አልነበረም። አጠገብሽ ስቀመጥ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ካሜራ ስይዝ ብቻ ነው ቀጥ የሚልልኝ። እንግዲህ አሁን የምይዘው ካሜራ የለም፤ ስትመጪ ቢንቀጠቀጥም አብረን እናየዋለን።

ቃለ መጠይቁ መቼ እንደሆነ እንዳወቅሽ ጻፊልኝ። አንሶላ እያጠፍኩ እጸልያለሁ።

ባልሽ፣ በግራ እጁ


መጋቢት 9

የኔ ግራኝ፣

በስልክ ሰምተኸዋል፣ ጮኸህም አልቅሰህም ሰምቼሃለሁ። ግን በስልክ ለሁለት ስንጮኽ አንዱንም በቅጡ አልነገርኩህም፤ ስለዚህ አሁን ፋይሉ ካለቀ በኋላ ለራሳችን ልጻፈው።

እኔ በየቀኑ ለሰው ተራ የምሰጥ፣ ኤምባሲው ውስጥ ተራ ይዤ ቁጭ እስክል እንዴት እንደሚያስጨንቅ አላውቅም ነበር። ከእንግዲህ ክሊኒክ ስመለስ ሰዉን ሁሉ በደግ ቃል ነው የምጠራው። ከመስታወቱ ጀርባ የነበረችው ሴትዮ በእኔ ዕድሜ ትሆናለች። ማብራሪያዬን አነበበችው። የቦርሳው መያዣ ምን ዓይነት እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። የት እንደተዋወቅን፣ የትኛው ጥርስህ እንደተነቀለ ጠየቀችኝ፤ እሱንም ነገርኳት። ከዚያ አንዷን ፎቶ አነሳችና «እዚህ ላይ ማንን ነው የምታዪው?» አለችኝ።

መልሱን ቤት አጥንቼ ነበር የሄድኩት። አፌን ስከፍት ግን አንተ ጉልበትህን አጥፈህ፣ ክራቫትህ ትከሻህ ላይ ዞሮ፣ «አንድ ብቻ» ስትለኝ ታየኝና ሳቄ አመለጠኝ። መስታወት ፊት ቆሜ፣ ጉዳያችን ሁሉ በሴትዮዋ እጅ ሳለ፣ ሳቅኩ። ተፈረደብን አልኩ በሆዴ። እሷ ግን ፎቶውን ከፍ አድርጋ ከፊቴ ጎን ያዘችው። አንዴ ፎቶውን አንዴ እኔን አየች። ለፓስፖርት ፊት እንደሚያመሳክሩት ሳቄን አመሳከረችው። ከዚያ ፎቶዎቹን ሰብስባ፣ ጠርዛቸውን አስተካክላ፣ «ካሜራውን ይዞ እንዳይመጣ ንገሪው» ብላ ማኅተሙን መታችው። ውጪ ስወጣ ጉዳይ አስፈጻሚው በር ላይ ጠበቀኝና ከእኔ ብሶ አለቀሰ።

ከጥቅምት ጀምሮ ስትጠይቀኝ የነበረውን አሁን ልመልስልህ። እናትህ እህትህ ጋ ሊገቡ ነው። ልለምናቸው፣ ላመቻችላቸው ስል ለካ እሳቸው ፋይሉ የተመለሰ ዕለት ነው ለእህትህ ደውለው የጨረሱት። እኔ «የለም ይሉ ይሆናል» ብዬ ስሰጋ፣ እሳቸው የእኔን ዚፕ ሲያለሰልሱ የራሳቸውን ሻንጣ አልጋው ሥር አዘጋጅተው ኖሯል። ልጽፍልህ ያልቻልኩት ከጻፍኩት እውነት ስለሚሆን ነው። እሳቸውን ትቼ እንዴት እንደምሄድ አላውቅም። አሁን እየጻፍኩ እንኳን እያለቀስኩ ነው፤ ቀለሙ እዚህ ላይ የፈሰሰው ለዚያ ነው።

ትኬቱ ለሚያዝያ መጀመሪያ ነው። ትላንት እናትህ ቦርሳቸውን ጠረጴዛው ላይ ገልብጠው ባዶ አደረጉት። መድኃኒታቸውን፣ ቁልፋቸውን፣ ከረሜላቸውን በፌስታል አስገቡና ቦርሳውን ጭኔ ላይ አኖሩልኝ። ከዚያ «እኔ የምልሽን ጻፊ፣ ከራስሽ እንዳትጨምሪ» አሉኝ። ከዚህ በታች ያለው የእሳቸው ነው።

ልጄ፣ እኔ ደህና ነኝ። እህትህ ቤት መስኮቱ ሰፊ ነው፣ ዓይኔም ገና ያያል፣ ስለ እኔ አታስብ። እጅህን ቅባት ቀባው። ያቺን አንሶላ የምታግዝህን ሴት እናትህ መርቃታለች በላት፣ ባይገባትም ይደርሳታል። ቦርሳውን ልኬልሃለሁ፤ ቦታህን ሲጠብቅልህ የኖረ ነው። ሚስትህ ደክሟት ነው የምትደርሰው፣ እዚያ ቁሚ እዚህ ዙሪ እንዳትላት። ቦርሳውን ከወንበሩ ላይ አንሳና አጠገቧ ተቀመጥ።